ሻካራው ቦይ

ጥር 8

ለእህቴ ልጅ፣ ለልጄም፤

እንደምን ሰነበትሽ? የምትሠሪበት የዓሣ ፋብሪካ ቅዝቃዜ ጣቶችሽን አላደነዘዘብሽም? እኔ ከጆሮዬ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። ጆሮዬ በመቆፈሪያ ማሽኔ ጩኸት ያረጀ ስለሆነ፣ በስልክ የምትዪኝን ግማሹን ሳልሰማ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ከማታልልሽ እንዲህ መጻፉ ይሻለናል። ባለፈው የሠርግሽን ቀን በስልክ ነግረሽኝ፣ እኔ ለጎረቤት ሁሉ በሌላ ወር አወጅኩ።

ወሬ ልንገርሽ። ወንዙ ዳር የሚሠራው የወረቀት ፋብሪካ መሠረቱ ወጥቶ፣ አሁን ውሃው ውስጥ የሚገባው ግንብ ላይ ተደርሷል። እኔ ግን ከዚያ ተነሣሁ። አባረሩት ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ ሌላ ሥራ ሰጥተውኝ ነው። ምን ቢሰጡኝ ጥሩ ነው? ለዓሣ ቤት መሥራት።

አትሳቂ። እኔም ኢንጅነሩ ሲነግረኝ የቀለደ መስሎኝ «ስንት ክፍል ይሁንላት?» ብዬዋለሁ። ነገሩ ግን የምር ነው። በወንዛችን ውስጥ ባለቀይ ክንፍ የሚሏት፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ዓሣ አለች። እናትሽ ልጅ ሳለች በቅርጫት ትይዛት ነበር። አሁን ግን ዓሣ አጥማጆቹ እንኳ ካዩዋት ዓመታት አልፈዋል። ሌላ ወንዝ ውስጥ የለችም፣ እዚህ ከጠፋች ጠፋች ማለት ነው ይላሉ። የፋብሪካው ግንብ የሚያርፈው ደግሞ እሷ እንቁላል ከምትጥልበት ጥግ ላይ ነው። ስለዚህ ግንቡ የተፈቀደው ከጎኑ ሌላ ቦታ እንዲሠራላት ተብሎ ነው፤ ከወንዙ ተነሥቶ፣ ዞሮ ወደ ወንዙ የሚመለስ ጠበብ ያለ ቦይ።

ቦዩን ጨረስኩት። መቼም በከንቱ «ውሃ ልክ» የሚል ስም አላወጡልኝም፤ ግንበኛ በመሣሪያ የሚለካውን እኔ በዓይኔ እለካዋለሁ። ወለሉን ጠቅጥቄ፣ ግራና ቀኙን ላጭቼ፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ጠረጴዛ አድርጌዋለሁ። ኦፕሬተሮቹ ሥራቸውን እያቆሙ መጥተው ያዩታል። ድንቡሼ፣ ያ ማሽን ያስተማርኩት ወፍራሙ ሰውዬ፣ አሁን የልጆች አባት ሆኗል፣ «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ከዓሣ በፊት እኔ ልግባ» አለኝ። ስለ ዓሣዋ የምታጠናው ዶክተር መጥታ አይታ ትፈርማለች፤ በቃ፣ አለቀ።

እናም ለሠርግሽ ያለሽበት አገር ድረስ እመጣለሁ። ግንቦት 18፣ ቅዳሜ፤ አሁንስ አልተሳሳትኩም? እናትሽ በሌለችበት ከጎንሽ የሚቆም እኔ ብቻ ነኝ፤ ያንን ደግሞ ማንም አይቀማኝም። ብዙ የማስቸግርሽ የለኝም። ብርድ ነው ካልሽ አንድ ወፍራም ኮት ፈልጊልኝ።

ፈጣሪ እጅሽን ከቢላዋ፣ ልብሽን ከሐሳብ ይጠብቅልኝ።

አጎትሽ


ጥር 29

ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ጆሮህን ጨምሮ ለመላ አካላትህ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። ጣቶቼም አሉ፤ ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ደግሜ አየኋቸው።

በምሳ ሰዓት ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሆኜ ሳነብህ ብቻዬን ስስቅ፣ በሥራ ከጎኔ የምትቆመው ሴትዮ «ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

«አጎቴ ለዓሣ ቤት እየሠራ ነው» አልኳት።

የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። «እኛ ቀኑን ሙሉ ስንዘነጥላቸው ለምንውለው ዓሦች?»

«ለነዚህ ሳይሆን ለሌሎቹ።»

«ታዲያ እሱ እዚያ ይሠራል፣ አንቺ እዚህ ታፈርሻለሽ! ጥሩ ቤተሰብ ናችሁ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በፋብሪካው ውስጥ ስሜ «አፍራሿ» ሆኗል።

እውነቴን ነው፣ እኔ ዓሣ የማውቀው ሞቶ ነው። በሚንቀሳቀሰው የላስቲክ መንገድ ላይ ተሰልፎ ይመጣል፣ ሆዱን እከፍታለሁ፣ የሆድ ዕቃውን ወደ ቱቦው እገፋለሁ፣ ያልፋል። ከዚያ ሌላው ይመጣል። ለዚህ መሰለኝ ነገሩ ያልገባኝ። ወንዙ ሁሉ የሷ አይደለም እንዴ? ቤት ምን ያደርግላታል?

አዳራሹን ይዘናል። ትልቅ እንዳይመስልህ፤ ከአውቶቡስ ጋራዡ በላይ ያለ ክፍል ነው፣ እጮኛዬ የሚነዳው መስመር መጨረሻ ላይ። ግድግዳውን ራሱ ከጓደኞቹ ጋር ቀለም እየቀባው ነው። በሱ ወገን የሚመጣው ሰው ብዛቱን አትጠይቀኝ። እናቱ «ባንቺ በኩል ስንት ወንበር ላድርግ?» ስትለኝ «አንድ» አልኳት። «እንግዲያው ሰፊውን እናደርግለታለን» አለችኝ።

የቪዛ ማመልከቻህን ዛሬውኑ አስገባ፤ ጊዜ ይፈጃል። ኮቱን ገዝቻለሁ። ልክህን አልጠየቅኩህም፤ በትከሻህ ላይ ተቀምጬ ስላደግኩ አውቀዋለሁ።

የሠራኸው ቤት የሞቀ ይሁን ልበል? ለዓሣ የሞቀ ይባላል ወይ? የቀዘቀዘ ይሁን።

ልጅህ


የካቲት 24

ለልጄ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የዘገየሁት በሥራ ነው።

ስለ ኮቱ ምስጋናዬ ይድረስሽ። አማችሽንም ሰላም በይልኝ፤ ገና ሳላያት ወድጃታለሁ።

ቦዩ ትንሽ ነገር ይቀረዋል። ያው ትንሽ ማስተካከል ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ዓሣ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም መቼም። ዓሣ ሲተኛ ምን ላይ እንደሚያርፍ፣ ትልልቅ ድንጋይ ይወድ እንደሆነ ወይስ ትንንሽ፣ ጠይቂልኝ። ዶክተሯ ነግራኛለች፤ ግን ከሁለት ሰው መስማት ደግ ነው።

ኮቱ እዚያው ይቆይ። ይልቅ ጫማው አብሮት የተሰፋ፣ እስከ ደረት የሚደርስ የላስቲክ ሱሪ እናንተ ጋ ካለ እሱን ላኪልኝ።

ወንዙ ዘንድሮ ዘግይቶ ነው የሚሞላው ይላሉ።

አጎትሽ


መጋቢት 9

ጋሼ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ግን ሰላም አይደለህም፤ ሰምቻለሁ።

ጎረቤታችን ባለ ሱቋ ደውላልኝ ነበር። ቃል በቃል ልጻፍልህ። «ጋሼሽ አብዷል። ያንን የመሰለ ቦይ ሠርቶ ሠርቶ፣ አሁን መልሶ ያፈርሰዋል። ማሽኑን ዳር ያቆምና ጭቃ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ሲያገላብጥ ይውላል። አንዲት ቀጭን ሴት ደግሞ ከላይ ቆማ ‹አሁንም ያምራል፣ አበላሹት!› ትለዋለች። እሱም ‹እሺ› ብሎ ያበላሻል። ይህ የጤና ነው?»

ምን ልበላት? አንተ «ትንሽ ማስተካከል» ብለኸኛል።

ጥያቄህን ለፈረቃ ኃላፊያችን አቅርቤለታለሁ። «ዓሣ ምን ላይ ይተኛል?» አልኩት። «በረዶ ላይ» አለኝና ሄደ። እዚህ ከዚህ የተሻለ መልስ የሚሰጥህ ሰው የለም።

የላስቲክ ሱሪውን ልኬያለሁ። ስለ ቪዛው ግን አንድ ቃል አልጻፍክም። አስገብተሃል? መልስ መጥቷል? ስታሳድገኝ «ውሸት ስታወሪ አንገትሽ ይታወቃል» ትለኝ ነበር። ያንተ ደግሞ በደብዳቤህ ይታወቃል፤ ያጥራል። እባክህን ረጅም ደብዳቤ ጻፍልኝ።

ልጅህ


መጋቢት 22

ልጄ፤

ሰላምታውን ላሳጥረውና ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ አለዚያ እንደገና ሰላምታው ውስጥ እደበቃለሁ። የላስቲክ ሱሪው ደርሷል፣ ልክ ነው። ድንቡሼ ለብሼው ሲያየኝ «ይኸው፣ የመጀመሪያው ዓሣ ገባ» አለ።

አላበድኩም። ተሳስቼ ነው።

ቦዩን ጨርሼ ዶክተሯን የጠበቅኳት ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ ሆኜ ነበር። ምስጋና ልቀበል ነው እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም። መጣች። ዕድሜዋ ካንቺ ቢበልጥ በጥቂት ነው። ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ እስከ ታች ድረስ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ዳር ላይ ቁጭ አለች።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ቆንጆ ሥራ አይቼ አላውቅም።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ዓሣዋ ግን አትገባበትም።»

«ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። ችግሩም እሱ ነው።»

ከዳር ቅጠል ቀጠፈችና ከላይ በኩል ውሃው ላይ ጣለችው። ቅጠሉ አንድም ቦታ ሳይቆም፣ ሳይዞር፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ በታችኛው በኩል ወጣ። «ከእንቁላል ዛሬ የወጣች ጫጩት ናት ይበሉ፤ የት ታርፋለች?» አለችኝ። 

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣዋ እንቁላሏን የምትጥለው በጠጠር መካከል ባለ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ውሃው በመካከሉ እያለፈ እንዲያናፍሰው። እኔ ጠጠሩን ጠቅጥቄዋለሁ። ጫጩቶቹ ከትልልቅ ድንጋይ ጀርባ ጸጥ ያለ ውሃ፣ ከሥሩ የተቦረቦረ ዳር፣ የወደቀ ግንድ ጥላ ይፈልጋሉ። እኔ ድንጋዩን ለቅሜ አውጥቼ፣ ዳሩን ላጭቼ፣ ግንዱን አስነሥቻለሁ። ቤት ሥራላት ተባልኩ፤ አውራ ጎዳና ሠርቼ ጠበቅኳት። አንቺም ወንዙ ሁሉ የሷ አይደለም ወይ ብለሽኝ ነበር። ወንዙ ሁሉ መንገዷ ነው፤ ቤቷ ግን ጥጉ ነው።

ኢንጅነሩ የቦዩን ንድፍ ሥዕል ዘረጋ። ርዝመቱ ልክ፣ ስፋቱ ልክ፣ ጥልቀቱ ልክ። «በሥዕሉ መሠረት ሥራው አልቋል። ጋሼም ወደ ልጃቸው ሠርግ ይሂዱ» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥዕሉ ላይ «ሻካራ» የሚል ቃል የለም። ዶክተሯ አልተከራከረችውም። ወደኔ ዞረችና «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችኝ። ቦዩን አየሁት። ሰው ሁሉ እየመጣ የሚያደንቀው ነገር ለተሠራለት ፍጥረት የማይሆን ከሆነ፣ ምኑ ነው የተደነቀው?

«ማሽኑን ተዉልኝ» አልኩ።

ማበላሸት እንዲህ ከባድ መሆኑን ማን ያውቃል! እጄ ራሱ ያስተካክላል። ድንጋዩን ዘንበል አድርጌ አስቀምጬ ዞር ስል፣ ሳላስበው የማሽኑ ክንድ ተመልሶ ቀና ያደርገዋል። ዶክተሯ ከዳር «አሁንም ያምራል!» ብላ ትጮኻለች። በስተኋላ ላይ ግን ከማሽኑ እየወረድኩ ውሃው ውስጥ መቆም ጀመርኩ። የት ላይ እግሬን እንደሚገፋኝ፣ የት ላይ እንደሚተወኝ ሳውቅ፣ ቀጣዩ ድንጋይ የት እንደሚቀመጥ ይገባኛል። የመግቢያው ድንጋዮች አሁን ጥሩ ሆነዋል። ጥሩ ስልሽ፣ አስቀያሚ ናቸው።

ዶክተሯን ብታያት። በሆዷ ጭቃው ላይ ተኝታ፣ ሥሩ መስታወት በሆነ ሣጥን የውሃውን ወለል ስታይ ትውላለች። እስካሁን ያየችው ነገር የለም። ቢሆንም በማግሥቱ ተመልሳ ትተኛለች። የማያየውን ነገር እንዲህ የሚወድ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

አሁን የምፈራው ላይ ደረስኩ። ወንዙ የሚሞላው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ዓሣዋም የምትመጣው ያኔ ነው። የሙላቱ ውሃ ሲገባ ደለል ይዞ ይገባል፤ የመግቢያውን ድንጋዮች በየዕለቱ እያዩ ማንቀሳቀስ ካልተቻለ ጠጠሩ በጭቃ ይደፈናል፣ የዘንድሮው ነገር ያበቃል። ዶክተሯ ማሽን አትነዳም። ኦፕሬተሮቹ ደግሞ ሁሉም የኔ ተማሪዎች ናቸው፤ ያስተማርኳቸው ማስተካከል ነው።

ቪዛው ወጥቷል። በእጄ ነው። ዝም ያልኩሽ ምን እንደምጽፍልሽ ጠፍቶኝ ነው። አሁንም አላውቅም።

አጎትሽ


ሚያዝያ 3

ጋሼ፤

ቪዛው በእጅህ ነው። ሠርጉ ግንቦት 18 ነው። በኔ በኩል ያለው ሰው አንድ ነው።

ልጅ ሳለሁ ከሥራ ስትመለስ እጅህን ሳትታጠብ መጀመሪያ እኔን ትፈልግ ነበር። የጭቃ ጣትህ በትምህርት ቤት ልብሴ ትከሻ ላይ ታትሞ ሲስቁብኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ዓሣ ትቀድመኛለች ብዬ አላሰብኩም።

ስለ ዶክተሯ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ሰው ትመስላለች።

እንደፈለግህ አድርግ።


ሚያዝያ 12

ለልጄ፤

ዕድሜና ጤና፣ ብሩህ ቀን ሁሉ ላንቺ ይሁን።

እመጣለሁ። የአውሮፕላን ቦታ ይዣለሁ፤ በሠርግሽ ሳምንት ሐሙስ እገባለሁ። ቁጣሽ ልክ ነው። ባትቆጪ ነበር የሚከፋኝ።

ለዶክተሯ ስነግራት «ይህም ይጠየቃል እንዴ? ይሂዱ እንጂ!» አለችኝ። ፊቷን ግን ወደ ውሃው አድርጋ ነው ያለችው። ኢንጅነሩ ፈቃድ ሰጥቶኛል። ቦዩን ለድንቡሼ አስረክቤያለሁ። አሁን እሱ ማሽኑ ላይ ነው፣ እኔ ዳር ቆሜ «ያምራል፣ አበላሸው!» እለዋለሁ። ያልበኛል፣ ያልበዋል፣ እንስቃለን።

ለአማችሽ ምን ይዤ ልምጣ? ለባልሽስ? ኮቱን አየር ማረፊያው ድረስ አምጪልኝ፤ በብርድ ተኮራምቼ የገባሁ ዕለት ሰው እንዳይታዘብሽ።

አጎትሽ

ደብዳቤውን ልዘጋ ስል የሆነ ነገር፦ ዛሬ ጠዋት ለመንገዱ የሚያስፈልገኝን ልገዛ ከተማ ደርሼ ስመለስ፣ ድንቡሼ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀኝ። የመግቢያውን ድንጋዮች በሙሉ ደርድሯቸዋል፣ ቀጥ ባለ መስመር። «ምን ነካህ?» አልኩት። «ጋሼ፣ እምልልሃለሁ፣ እኔ አይደለሁም፤ እጄ ነው» አለኝ። ብዙ ቀን የደከምንባቸው ነበሩ። አልተቆጣሁትም፤ እጁን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሚያምር ግን ብታዪው። መልሰን እንሠራዋለን። ሐሙስ እገባለሁ።


ሚያዝያ 25

ለጋሼዬ፣ ለአባቴም፤

ሰላምታዬ ባለፈው የነፈግኩህን ጨምሮ፣ ተደርቦ ይድረስህ።

ከደብዳቤህ በታች የጨመርካትን አነበብኳት። እጮኛዬ «ይኸው፣ ይመጣል እኮ፣ ደስ አይልሽም?» አለኝ። «ደስ ይለኛል» አልኩት። ወረቀቱን ግን ኪሴ ውስጥ ይዤው ሥራ ገባሁ።

እንደ ሁልጊዜው ዓሣው ይመጣል፣ እከፍታለሁ፣ እገፋለሁ። አንዷን ስከፍታት ሆዷ በሙሉ እንቁላል ነበር። ጋሼ፣ ይህ በየቀኑ የሚገጥመኝ ነገር ነው። እገፋዋለሁ፣ ያልፋል። ያን ዕለት ግን ቢላዋዬ ቆመ። መዳፌ ላይ አደረግኩት። እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ክብ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ከኔ በታች ያሉት ሠራተኞች ባዶ ላስቲክ ሲያልፍባቸው ቀና ቀና አሉ። ኃላፊው ከላይ «መስመሩ አንቺን አይጠብቅም!» ብሎ ጮኸ።

«አፍራሿ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ የጎኔ ሴትዮ።

«እንቁላል ነው።»

«ታዲያ በየቀኑ አይደለም እንዴ?»

«በየቀኑ ነው» አልኩና አለቀስኩ። እሷም ሳይገባት የኔን ድርሻ እየከፈተች አሳለፈችልኝ።

ስማኝ። እናቴ ስትሞት አንተ ሚስት ያላገባህ፣ አንድ ክፍል የተከራየህ ሰው ነበርክ። እኔን ማሳደግ በማንም ሥዕል ላይ አልነበረም። «አክስቷ ጋ ትሂድ፣ አንተ ድርሻህን ተወጥተሃል» ሲሉህ ሰምቻለሁ፤ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አንተም አልቋል የተባለውን ነገር እንደገና ጀመርከው። ፀጉር መሥራት እንኳ ከጎረቤት ቆመህ ተማርክ። ያንን ለኔ ስታደርግ ትክክል ሆኖ፣ ለሌላ ስታደርገው የተናደድኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አትምጣ።

አኩርፌ እንዳይመስልህ። ብትመጣ ሐሙስ እቅፍ አድርጌ እቀበልሃለሁ፤ ቅዳሜ ከጎኔ ትቆማለህ፤ ዓይንህ ግን እዚያ መግቢያው ድንጋይ ላይ ይሆናል። እኔም አየዋለሁ። ሙሉ ሆነህ እዚያ ብትሆን ይሻለኛል።

ለአማቴ ነገርኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችኝና «እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ያለ ልጅ እንዳሳደገ ገባኝ» አለች። ወንበሩንስ ስላት «እኔ እቀመጥበታለሁ፤ ጀርባዬን ያመኝ የለ?» አለችኝ።

ቃል የምንገባው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ እናንተ ጋ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት የት እንዳለህ ልወቅ። ቦዩ ዳር ሁን።

የምትጠብቃት ትምጣልህ።

ልጅህ


ግንቦት 18፣ ቅዳሜ

ለሙሽራዋ፤

ትዳርሽ የማይደፈን ይሁን። ሌላ ምርቃት ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሰሞኑን የማስበው ስለ ደለል ብቻ ስለሆነ ነው። ባልሽንም እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ፤ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ በአካል እለው ነበር።

የሙላቱ ውሃ ረቡዕ ገባ። ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍ እየገፋ ነው የገባው። እኔና ድንቡሼ ማሽኑን እየተፈራረቅን ከመግቢያው አልተለየንም። እሱ እየነዳ እኔ ውሃው ውስጥ ቆሜ በእጄ ምልክት ስሰጠው፣ አንዱን ድንጋይ ትንሽ ወደ ጎን ገፋና ተወው። ጠበቅኩ። አላስተካከለውም። «ጋሼ፣ አስቀያሚ ነው አይደል?» አለኝ ከላይ። «በጣም!» አልኩት። ሳቁ ወዲያ ማዶ ተሰማ።

ትናንት ጠዋት ውሃው ጠራ አለ። ዶክተሯ እንደ ልማዷ ተኝታ ሣጥኗን ውሃው ላይ አድርጋለች። ድንገት አንድ እጇን ወደ ላይ አነሣች። አልተጣራችም፣ አልዞረችም፤ እጇ ብቻ። ሄጄ ከጎኗ ተኛሁ። ሣጥኑን አቀበለችኝ።

ልጄ፣ እንዴት ልንገርሽ። መጀመሪያ ድንጋይና ጥላ ነው ያየሁት። ከዚያ አንደኛው ጥላ ተነቃነቀ። ከመዳፍ ታንሳለች፤ ጀርባዋ የጠጠሩን ቀለም ይዟል፤ ክንፏ ግን እንደ ፍም ነው። ጠማማ አድርጌ ካስቀመጥኩት ድንጋይ ጀርባ ሆና፣ በጎኗ ተኝታ በጭራዋ ጠጠሩን ትጠርጋለች። ትጠርጋለች፣ ዞራ ታያለች፣ አልጣማትም መሰለኝ እንደገና ትጠርጋለች። እንደ እሷ ያለ ጠንቃቃ ሠራተኛ አላየሁም። ከዚያ ሌላ መጣች፣ ሌላም። ዶክተሯ መቁጠር ጀምራ ተወችው። ስታለቅስ ነበር። እኔ ለምን እንደምስቅ አላውቅም።

ኢንጅነሩ ተጠርቶ መጣ። በዚያ በተተኮሰ ሱሪው ጭቃው ላይ ተኛ። ብዙ ቆየ። ሲነሣ ጭቃውን ሳያራግፍ ለግንቡ ሰዎች ስልክ ደወለ፤ «ምሰሶ መምታት አቁሙ። ጫጩቶቹ እስኪወጡ ድረስ አንድም እንዳይመታ።» ምሰሶ ወደ ወንዙ ወለል ሲመታ ጠጠሩን ያናጋዋል። ዶክተሯ ልትጠይቀው አፏን ከፍታ ነበር፤ ቀደማት። ከዚያ እኔን «ጋሼ፣ የሚቀጥለው ሥዕል ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። «ሻካራ ብለህ ጻፍ» አልኩት። ጻፈው።

ዛሬ ልብሴን ቀይሬ፣ ጫማዬን ጠርጌ፣ ቦዩ ዳር ተገኘሁ። ሰዓቱን ሁሉም ያውቃል፤ ሰሞኑን ሳልነግረው የቀረ ሰው የለም። ድንቡሼ «የልጃችን ሠርግ ነው፣ የማሽኖቹን ጥሩምባ ባንድ ላይ እንንፋላት!» ቢል ዶክተሯ «ዓሦቹን ታስበረግግና ወዮልህ!» ብላ አስደነገጠችው። አኩርፎ ወደ ፋብሪካው ግቢ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከግንቡ ወዲያ ርቀው የሚሠሩት ማሽኖች ሥራቸውን አቆሙ። ከዚያ አንደኛው ክንዱን ወደ ሰማይ አነሣ። ቀጥሎ ያለው አነሣ። እንዲህ እያሉ የግቢው ማሽኖች በሙሉ ክንዳቸውን ሰቅለው ቆሙና ሞተራቸውን አጠፉ። ኦፕሬተሮቹ ወርደው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደኔ ዞሩ። የወንዙ ድምፅ ብቻ ቀረ። ዶክተሯ ከተኛችበት ተነሥታ ከጎኔ ቆመች፤ በጭቃ እጇ ክንዴን ያዘችኝ።

ጫጩቶቹ ወደ ትልቁ ወንዝ ሲወጡ እመጣለሁ። እስከዚያ ግን እዚያ አልነበረም እንዳትዪ። ሥርዓቱ እናንተ ጋ ምን ያህል እንደሚፈጅ ስለማላውቅ፣ ሰዎቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱም እኔ ቆሜ ቀረሁ። ጀምበሯ ልትጠልቅ ስትል ድንቡሼ መጣና «ጋሼ፣ አሁንስ ያልቃል፤ ተቀመጥ እንጂ» አለኝ።

«ዝም በል» አልኩት፤ «ሠርግ ላይ ነኝ።»